ሶሌታው ይቅደም ወይስ ግድግዳው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት እህታችን አዲስ አበባ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እያሠራች ልስን ላይ ደርሳለች። የታችኛው ጣሪያ ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ጣሪያ፣ ነው። ፎቁ በቆርቆሮ ተከድኗል፣ ኮርኒስ ገና አልተመታም። ሁለት ለሳኞች ጠርታ ዋጋ ስትጠይቅ አንደኛው «ከግድግዳው እንጀምር፣ ግድግዳው ጣሪያውን ደግፎ ይይዘዋል» አላት። ሁለተኛው «ከጣሪያው ካልተጀመረ ሥራውን አልይዝም» ብሎ ድርቅ አለ። «ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው፣ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ማንን ልስማ? ቅደም ተከተሉንስ ከሀ እስከ ፐ ንገሩኝ» ትላለች።

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ታች ላይ ሁለተኛው ሰውዬ ልክ ነው፤ ሶሌታው ይቀድማል፣ ግድግዳው ይከተላል። ፎቁ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ መጀመሪያ ግድግዳው ይለሰናል፣ ኮርኒሱ ከዚያ በኋላ ይመታል። የታችኛው ጣሪያ የሚሠራው በእርጥብ ሞርታር ነው፣ የላይኛው በደረቅ ሰሌዳ። የሚንጠባጠበው ይቀድማል፣ እርጥበት የሚፈራው ይከተላል።

እኔ ልስን ላይ ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ባልዲ ተሸክሜና ሞርታር አቡክቼ ነው የጀመርኩት፣ አሁን ፎርማን ነኝ። ስለዚህ የምነግርሽ በእጄ የነካሁትን ነው።

ሶሌታ የሚለስን ሰው አጠገብ ቆመሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንገቱን ወደ ኋላ ይሰብራል። ሞርታሩን በግንበኛ ማንኪያ ይዘግንና በእጁ አንጓ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ጎበዝ የሚባለው ከወረወረው አብዛኛውን ያስይዛል፣ የቀረው ግን ይወርዳል። ፊቱ ላይ፣ የቆመበት ጣውላ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ግድግዳው ላይ። ግድግዳው ገና ባዶ ብሎኬት ከሆነ ምንም ችግር የለውም፤ በማንኪያ ጫፍ ፍንቅል ታደርጊዋለሽ። ቀድሞ ተለስኖ ካለቀ ግን እያንዳንዷ ጠብታ ጠባሳ ትተዋለች። ትኩስ እያለች ብትጠርጊያት ለስላሳው ልስን ላይ የሲሚንቶ ጥላ ይቀራል፣ ደርቃ ብትፈነቅያት የልስኑን ቆዳ ይዛ ትነሳለች።

ይሄ በእኔ ላይ ደርሷል። ረዳት እያለሁ አንድ ቤት ላይ አለቃችን «ግድግዳው ቶሎ ይታያል፣ ባለቤቱም ቶሎ ይከፍላል» ብሎ ሳሎኑን ከግድግዳ አስጀመረን። እውነትም በሦስት ቀን ውስጥ እንደ መስታወት የመሰለ ግድግዳ ወጣ። ከዚያ ፖንቴ፣ ማለትም የአጣናና የጣውላ መወጣጫ፣ ተክለን ሶሌታውን ጀመርን። የአንዱ አጣና ጫፍ ግድግዳው ላይ ተደግፎ የእንቁላል ስፋት ያለው ጉድጓድ አበጀ። ጠብታው ግድግዳውን ነብር አስመሰለው። ባለቤቱ መጥተው አዩት፣ ምንም አልተናገሩም፤ ኪሳቸው የገባውን እጃቸውን ሳያወጡ ተመለሱ። የግድግዳውን የላይኛውን ሜትር ያህል ፍቀን እንደገና ለሰንን፤ የዚያ ሳምንት የእጅ ዋጋችን እዚያው ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት ማዕዘኑ ነው። ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበት መስመር ክፍሉ ውስጥ የገባ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ነው። ሶሌታው ቀድሞ ከተለሰነ ልስኑ እስከ ብሎኬቱ ድረስ ይሄዳል፣ ግድግዳው ሲለሰን ደግሞ ከታች መጥቶ ይገጥመዋል። የጣሪያው ጠርዝ በግድግዳው ልስን ውፍረት ተሸፍኖ ይቀራል። ቢንጋደድ እንኳ ግድግዳው ላይ ታስተካክይዋለሽ፣ እሱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ቆመሽ፣ ዓይንሽ ትይዩ፣ ቱንቢና ውሃ ልክ ይዘሽ። ከግድግዳው ከተጀመረ ግን መስመሩን ማስተካከል ያለብሽ ወደ ላይ አንጋጠሽ ነው። አንጋጦ ቀጥ ያለ መስመር የሚያወጣ ሰው እኔ ብዙ አላየሁም።

አሁን የአንደኛውን ለሳኝ አባባል እንየው። «ግድግዳው ጣሪያውን ይይዘዋል» ይላል። ክፍልሽ 4 ሜትር በ5 ሜትር ነው እንበል። መሃል ላይ ያለው ልስን ከቅርቡ ግድግዳ 2 ሜትር ይርቃል። ግድግዳ መኖሩንም አያውቅ። ሶሌታ ላይ ልስን የሚቆየው አርማታውን ጥፍሩ ድረስ ስለያዘ ነው፣ ሌላ ደጋፊ የለውም። እስቲ ክብደቱን አስቢው፤ 20 ካሬ ጣሪያ አንድ ሴንቲ ተኩል ውፍረት ቢለሰን ወደ 6 ኩንታል የሚጠጋ ነገር ከራስሽ በላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ለሳኙ ሶሌታው ጎባጣ ነው ብሎ 3 ሴንቲ ከቆለለበት 12 ኩንታል ይሆናል። በጠርዝ የሚያዝ ነገር አይደለም።

ሰውየውን ሳላውቀው ልማው አልፈልግም፤ ግን ከግድግዳ እንጀምር የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ ሌላ ሂሳብ አላቸው። ሥራው በካሬ ነው የሚከፈለው። ግድግዳ ይፈጥናል፣ ጣሪያ ይገድላል። በሳምንት ውስጥ ብዙ ካሬ ግድግዳ አሳይቶ አብዛኛውን ክፍያ ወስዶ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ስልኩ ዝግ የሚሆን ለሳኝ ስንቱን ባለቤት አስለቅሷል። ክፍያው ላይ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ታችኛውን ቤት ከመጀመሪያው እንሂድበት።

ማንኪያ ከመነሳቱ በፊት ኤሌክትሪሺያኑና ቧንቧ ሠራተኛው ጨርሰው መውጣት አለባቸው። መጨረስ ስልሽ ቱቦው ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ፣ የተፈለፈለው ቦታ በሞርታር ተደፍኖ፣ ስካቶላዎቹ፣ ማለትም የሶኬትና የማብሪያ ሳጥኖቹ፣ በወረቀት ተጠቅጥቀው ማለቴ ነው። የውሃ ቧንቧው በግፊት ተሞክሮ ሳያፈስ ማደር አለበት። የበርና የመስኮት ብረት ፍሬምም ተተክሎ ይጠብቅ። ይሄን ያልጠበቀ ሰው ልስኑ ካለቀ በኋላ «አንድ ሶኬት ረሳሁ» የሚል ኤሌክትሪሺያን መዶሻ ይዞ ይመጣበታል። ጥገናው ደግሞ ምንም ቢለፋበት በቀለም ሥር ሳይቀር ይታያል።

ቀጥሎ ሶሌታው ራሱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጣሪያ ልስን የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በለሳኙ እጅ ሳይሆን በአርማታው ፊት ነው። አርማታ ሲሞላ ፎርምወርኩ፣ ማለትም አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ፣ እንዳይጣበቅ ዘይት ይቀባል፣ አንዳንዴም የተቃጠለ የመኪና ዘይት። ፎርምወርኩ ሲነሳ ዘይቱ አርማታው ላይ ይቀራል። አንድ ቤት ለጥገና ተጠርቼ ሄጄ የምጣድ ስፋት ያለው ልስን ሌሊት ወድቆ ሶፋ ላይ አገኘሁት። ሰው አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቁራጩን ገልብጬ ሳየው ጀርባው እንደ ሳህን ልሙጥ ነበር፣ ያብለጨልጫል። አፍንጫዬን ሳስጠጋ የጋራዥ ሽታ ሸተተኝ። ያ ልስን አርማታውን አንድም ቀን አልያዘውም ነበር፤ እስከዚያን ቀን የቆየው እንዲያው በእድሉ ነው።

ስለዚህ ሶሌታው በብረት ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይታጠብ። ልሙጥ ከሆነ በመሮና በመዶሻ በየጣቱ ርቀት ይነቀስ። ተንጠልጥሎ የቀረ ሽቦ፣ ሚስማር፣ የተጣበቀ የጣውላ ስንጥር ይነሳ፤ ሽቦና ሚስማር ከቀረ ዝገቱ ከዓመት በኋላ በነጭ ቀለምሽ ላይ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ሶሌታሽ ሙሉ አርማታ ሳይሆን በመሃሉ ብሎኬት የተደረደረበት ሪብ ከሆነ ደግሞ ለሳኙ ይሄን አውቆ ይግባ። ብሎኬቱና አርማታው ውሃ የሚጠጡት እኩል አይደለም፣ የሚንቀሳቀሱትም እኩል አይደለም። ብዙ ሳሎን ውስጥ ጣሪያው ላይ ቀጥ ቀጥ ብለው ተሰልፈው የምታያቸው ስንጥቆች ሪቡን ተከትለው የወጡ ናቸው። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ቀጭን የሽቦ መረብ መትቶ መለሰን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ አይመጣም ብዬ ግን አልምልልሽም።

ከዚያ ርጭቱ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ በአንድ ተኩል ወይም በሁለት እጅ ሸካራ አሸዋ፣ ቀጠን ተደርጎ ይቦካና በማንኪያ በኃይል ይረጫል። ማለስለስ የለም። ሲደርቅ እንደ ሸካራ የድንጋይ ቆዳ መሆን አለበት፤ መዳፍሽን ስታሻሽበት ካልቧጨረሽ አልተረጨም። እዚህ ደረጃ ላይ ብቻ ጣሪያና ግድግዳ በአንድ ቀን መሄድ ይችላሉ፣ ከላይ ወደ ታች። ግድግዳውም ላይ ቢሆን አርማታ የሆነው ቦታ፣ ኮለኑ (ቋሚው ምሰሶ) እና ቢሙ (አግዳሚው)፣ ሳይረጭ እንዳያልፍ። ከዚያ 2 ወይም 3 ቀን ውሃ እየጠጣ ይቀመጥ። ለሳኞች ይሄን ይጠሉታል፣ ቀን ይበላባቸዋላ። አንቺ ግን ጨክኚ።

አሁን ሶሌታው ይለሰናል። ለሳኙ መጀመሪያ አራቱ ማዕዘን ላይ ግድግዳው ላይ የውሃ ልክ ምልክት ያወጣል። በነጭ የውሃ ቱቦ የሚደረገው ያው የድሮው ዘዴ ከምንም ይሻላል። ከምልክቱ ወደ ላይ እየለካ የሶሌታው ዝቅተኛ ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ ያገኛል። ልስኑ የሚሰላው ከዚያ ነው። በየሜትር ተኩሉ ነጥብ ያስቀምጣል፣ ነጥቦቹን በመሪ መስመር ያገናኛል፣ መሃሉን ይሞላና በረጅም የአሉሚኒየም ማስተካከያ ይጎትተዋል። ሁለት ቀጫጭን እጅ ይሁን፤ በመሃላቸው ቢያንስ አንድ ቀን ይለፍ፣ የመጀመሪያው እጅ ላይ ደግሞ ሳይደርቅ ጭረት ይደረግበት። ጠቅላላ ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲ ተኩል ባይበልጥ እመርጣለሁ። ሶሌታው በጣም ጎብጦ 3 ሴንቲ የሚጠይቅ ቦታ ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ መረብ ተመትቶ በየእጁ እያደረቁ ይሠራ ወይም ጉብጠቱን በፀጋ ተቀበይው። አምፖል ሲበራ ትንሽ ጥላ ቢታይሽ ይሻልሻል፣ እንቅልፍ ተኝተሽ 12 ኩንታል ከሚወርድብሽ።

ጣሪያው በነጋታው ወይም በሁለተኛው ቀን ጠንከር ሲል ወደ ግድግዳው መውረድ ይቻላል። ጣሪያውን ውሃ ስታጠጪ የሚንጠባጠበው ብሎኬቱ ላይ ስለሚያርፍ ራሱ ጥቅም አለው። የእኛ ብሎኬት አብዛኛው ፑሚስ ስለሆነ ውሃ እንደ ስፖንጅ ነው የሚጠጣው፣ ደርቆ ከተለሰነ የሞርታሩን ውሃ መጥጦ ያመክነዋል። ግን እርጥብ ይሁን ስልሽ ይንጠባጠብ ማለቴ አይደለም።

ግድግዳው ላይ ቱንቢ ነው ዳኛው። ማዕዘኖቹ ላይ ነጥብ ይቀመጣል፣ በሲባጎ ይያያዛል፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ይወረዳል። ለሳኙ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ሲወጣ ካየሽ አስቁሚው፤ ራሱ በሠራው ላይ ራሱ ነው የሚያንጠባጥበው። ብሎኬትና ኮለን፣ ብሎኬትና ቢም በሚገናኙበት ላይ 20 ወይም 30 ሴንቲ ስፋት ያለው የሽቦ መረብ ይመታ። የበርና የመስኮት ጠርዝ የመጨረሻ ነው፣ ግድግዳው ካለቀ በኋላ ሁለት ቀጥ ያለ ጣውላ አስሮ በጥንቃቄ የሚወጣ ነገር ስለሆነ። ወለሉ ጋ ሲደርስ ደግሞ የመጨረሻዋን 10 ሴንቲ ይተዋት። ዞኮሎው፣ የግድግዳው የእግር ጠርዝ፣ እዚያ ነው የሚለጠፈው። እስከ መሬት ከተለሰነ ዞኮሎው ወደ ውጭ ጎልቶ አቧራ ይይዛል፣ ልስኑም ከወለሉ እርጥበት እየሳበ ከታች ይበሰብሳል።

ውህዱን በተመለከተ አጭር ልሁን። አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ፣ በሳጥን ይለካ እንጂ በአካፋ ግምት አይሁን። ለልስን ፒፒሲ የሚባለው የሲሚንቶ ዓይነት ይበቃሻል፤ ኦፒሲ የሚባለውን ለኮለንና ለሶሌታ ተዪው። አንድ 50 ኪሎ ከረጢት 35 ሊትር ያህል ነው፣ ሳጥኑን በዚያ አሠሪ። ቅድም ያልነው 4 በ5 ክፍል፣ ቁመቱ 2.80 ቢሆን፣ በርና መስኮት ተቀንሶ 44 ካሬ ገደማ ግድግዳና 20 ካሬ ጣሪያ ይወጣል። ግድግዳው 2 ሴንቲ፣ ጣሪያው አንድ ተኩል ሲሰላ 11 ከረጢት ይፈልጋል፣ ርጭትና ብክነት ሲጨመር 13። ለዚያ ክፍል 20 ከረጢት ካለቀ አንድ ነገር አለ፤ ወይ ግድግዳው ጠማማ ነው፣ ወይ ሲሚንቶው እግር አውጥቷል።

አሸዋው ከየት ነው የመጣው? ከላንጋኖ ይሁን ከመቂ ይሁን ከሞጆ፣ ሾፌሩ ታጥቧል ስላለ ብቻ አትቀበይ። በሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ያህል አሸዋ ክተቺ፣ ውሃ ሙይው፣ ጨው ቢጤ ጣል አድርጊበት፣ ነቅንቀሽ ጠረጴዛ ላይ ተዪው። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይተሽ እዪው። አሸዋው ታች ይቀመጣል፣ አፈሩ ከላይ እንደ ቡና አተላ ይረጋል። የእኛ አገር ደረጃ የሚፈቅደው እስከ 6 በመቶ ነው። ከዚያ ከበለጠ ይታጠብ ወይም ይመለስ። አፈር የበዛበት አሸዋ ለለሳኙ ይመቸዋል፣ ቅቤ ነው የሚሆንለት። ሲደርቅ ግን ግድግዳሽ የሸረሪት ድር ይመስላል።

አንድ የማይነገር ነገር ልንገርሽ። ምሳ ሰዓት ከመድረሱ በፊት ሥራ ቦታው ላይ ተገኚ። ብዙ ጊዜ ረዳቶቹ ከምሳ በፊት ትልቅ ክምር ያቦካሉ፣ በልተው ቡና ጠጥተው ሲመለሱ ክምሩ ጠጠር ብሎ ይጠብቃቸዋል፣ ባልዲ ውሃ ገልብጠው እንደገና ያለሳልሱታል። ከዓይን የሚታይ ለውጥ የለውም። ጥንካሬው ግን ሞቷል። አንዴ የቦካ ሞርታር በአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ማለቅ አለበት። ለጣሪያ ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ያቡኩ፣ በቃ።

ውሃ ማጠጣቱ 7 ቀን ነው፣ ጠዋትና ማታ። ጥርና የካቲት ላይ ከሆንሽ፣ ፀሐይና ነፋስ ስላለ ቀትር ላይም ጨምሪ። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም፣ ስለዚህ ሸራ ወይም የተተረተረ ማዳበሪያ ከረጢት ስቀይባቸው፤ ነፋሱ ነው ልስኑን የሚሰነጥቀው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆንሽ ልስን የሚጀመርበትን ቀን በፈረቃው ቀን አድርጊውና ሮቶውን ሞልተሽ ጠብቂ። ውሃ ሳይኖር ተለስኖ «ነገ ይመጣል» የተባለለት ግድግዳ ስንቱን አየሁ።

ወደ ፎቁ እንውጣ። እዚህ ቆርቆሮው አለ፣ ሶሌታ የለም፣ ኮርኒሱ ደግሞ ችፑድም (ከእንጨት ፍቅፋቂ የተጨመቀ ሰሌዳ) ይሁን ጂፕሰም ቦርድ እርጥበት አይወድም። ችፑድ በተለይ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ያበጠው ተመልሶ አይቀንስም። ስለዚህ ግድግዳው ቀድሞ ይለሰናል። እስከ የት? ኮርኒሱ የሚያርፍበትን መስመር በውሃ ቱቦ አውጥታችሁ ከመስመሩ 10 ወይም 15 ሴንቲ ከፍ እስኪል ድረስ። ብዙ ሰው ለሲሚንቶ ሲሳሳ ልክ መስመሩ ላይ ያቆማል። ከዚያ ኮርኒሱ ሲመታ በልስኑና በሰሌዳው መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት ይቀራል፤ ብርድ፣ አቧራና አይጥ በዚያች ነው የሚገቡት። በሊስት፣ በጠርዝ መሸፈኛ ቀጭን እንጨት፣ ይሸፈናል ይሉሻል። ሊስቱ ዓይንን ነው የሚሸፍነው።

ልስኑ ካለቀ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ይተንፍስ፣ ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ። ሞራሌው፣ ኮርኒሱን የሚይዘው እንጨት፣ የሚመታው ከዚያ ነው፣ በየ60 ሴንቲው፣ ከዚያ 8 ሚሊ ችፑዱ። ሞራሌውን ግድግዳው ላይ ለማሰር ሲበሱ የሚፈነቀል ልስን ካለ ከመስመሩ በላይ ስለሚሆን አይታይም። የ15 ሴንቲዋ ሌላ ጥቅም ይኸውልሽ። ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት ደግሞ አንድ ጥሩ ዝናብ ቆርቆሮውን ቢፈትነው ደስ ይለኛል፣ ካልሆነም በጎማ ውሃ ይረጭ፤ የሚያፈሰውን የሚስማር ቀዳዳ ያኔ ታገኚዋለሽ።

ጂፕሰም ቦርድ ከመረጥሽ ቅደም ተከተሉ ትንሽ ይጠማዘዛል። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ይደርቃል፣ ከዚያ ቦርዱ ይሰቀላል፣ መጋጠሚያው በቴፕና በስቱኮ (ከቀለም በፊት በሚቀባው ማለስለሻ) ይደፈናል፣ የግድግዳው ስቱኮ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱም ቦርዱ ሲፈገፈግ የሚወርደው ነጭ ዱቄት የት እንደሚያርፍ ታውቂዋለሽ። ከስቱኮ ጀምሮ ታችም ላይም አንድ ዓይነት ነው፤ ጣሪያ፣ ከዚያ ግድግዳ። ቀለምም እንደዚያው። ስቱኮም ቀለምም እርጥብ ልስን ላይ አይሞከር። ከልስኑ በኋላ አንድ ወር ብትታገሺ ቀለሙ አይላጥብሽም።

ታችና ላይ የቱ ይቅደም ብለሽ አልጠየቅሽም እንጂ እሱም መልስ አለው። ፎቁ ይቅደም። ላይ የሚፈሰው ውሃ በሶሌታው ቀዳዳ እየሰረገ ታችኛው ጣሪያ ላይ ካርታ ይስላል፣ ባልዲ የተሸከመ ረዳትም በታችኛው በኩል ነው የሚመላለሰው። ደረጃው የሁሉም መጨረሻ ነው። ከላይ ጀምረው ራሳቸውን እያስወጡ ይውረዱ።

ክፍያውን ደግሞ በክፍል ሳይሆን በደረጃ ክፈይ። ርጭቱ አልቆ ከደረቀ ትንሽ፣ ሶሌታዎቹ ካለቁ የሚበዛውን፣ ግድግዳው ሲያልቅ ሌላውን። ለሶሌታ የካሬ ዋጋው ከግድግዳው ከፍ ቢል አትከራከሪ፣ ይገባዋል። የመጨረሻውን ድርሻ ግን 7 ቀኑ ውሃ እስኪያልቅ ያዢው። ያን ቀን መጥረጊያ እንጨት ይዘሽ ሶሌታውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያልሽ ምቺ፣ ግድግዳውን በሳንቲም። የያዘ ልስን ደረቅ አጭር ድምፅ ይሰጣል። ያልያዘው እንደ ባዶ ጀሪካን ነው የሚጮኸው። የጮኸውን ቦታ በጠመኔ ክበቢው፣ ይፈንቀልና ይደገም። ለሳኙ «ይሄ ምንም አይሆንም» ቢልሽ ክበቡ ሥር እንዲያድር ጋብዢው።

ማንን ልስማ ላልሽው፤ ሁለተኛውን ታች አስገቢው፣ ሶሌታ የሚያከብር ሰው ነው። አንደኛውም እጁ ጥሩ ከሆነና ዋጋው ከተመቸሽ አታባሪው፣ ፎቁን ስጪው። እዚያ ከግድግዳ ቢጀምር ልክ ነው፣ ጥሎት የሚጠፋ ሶሌታም የለም። እሱ ሳምንት ቀድሞ ይግባ፣ የታችኛው ይከተለው። ደረጃውን ለማን እንደምትሰጪ ደግሞ ያኔ የሁለቱንም ግድግዳ በሳንቲም መትተሽ ታውቂዋለሽ።